የዝማኔው ጥራት ሲወርድና አልሚው ዝም ሲል፦ ለአንድ የቲም ፎርትረስ 2 ተጫዋች ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቲም ፎርትረስ 2 የምንጫወት ጓደኛሞች ነን። ከፊሎቻችን አዲስ አበባ፣ ከፊሎቻችን ዱባይና ፍራንክፈርት እንኖራለን። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የሚመጣልን ዝማኔ ኮፍያና ራሳቸው ተጫዋቾች የሠሯቸው ካርታዎች ብቻ ሆኗል። አንዱ ሲስተካከል ሌላው ይበላሻል፤ አቤት ብንልም የሚመልስ የለም። ድርጅቱ ጨዋታውን ትቶታል ማለት ነው? አልሚዎቹ ሰንፈው ነው ወይስ ሰው አጥተው? ፊርማ ማሰባሰብና መጥፎ ግምገማ መጻፍ ይጠቅማል? ለሣጥን ቁልፍ ገንዘብ ማውጣታችንንስ እንቀጥል?»

ምላሽ፦ ቲም ፎርትረስ 2 ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የሠራው፣ በቡድን የሚተኳኮሱበት የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። በጥያቄው ውስጥ ሁለት ችግሮች እንደ አንድ ተቆጥረዋል፤ እነርሱም የዝማኔው ጥራት መውረድና የአልሚው ዝምታ ናቸው። ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚታዩ አንዱ ሌላውን ያመጣው ይመስላል እንጂ መንስኤያቸውም መፍትሔያቸውም የተለያየ ነው። ሄሎ ጌምስ የተባለው አነስተኛ የእንግሊዝ ድርጅት «ኖ ማንስ ስካይ» የተባለውን ጨዋታ በኦገስት 2016 ሲያወጣ፣ አስቀድሞ የተወራላቸው ነገሮች ስለጎደሉ የተጫዋቹ ቁጣ ከባድ ነበር። ድርጅቱ ለወራት አፉን ዘግቶ ከቆየ በኋላ በኖቬምበር የመጀመሪያውን ትልቅ ዝማኔ አወጣ፤ ከዚያም ለዓመታት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ጨዋታውን ሲያሻሽል ቆይቶ፣ የቫልቭ የጨዋታ መሸጫ በሆነው በስቲም ላይ እጅግ ዝቅ ብሎ የነበረው አጠቃላይ ግምገማው በ2024 «በጣም ጥሩ» ከሚባለው ደረጃ ደረሰ። እዚያ ዝምታው ነበረ፤ ጥራቱ ግን ከዝማኔ ወደ ዝማኔ አደገ። በየሳምንቱ መግለጫ እያወጡ እዚህ ግባ የሚባል ነገር የማያደርሱ ድርጅቶችም ሞልተዋል። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ አያቸዋለሁ።

አስቀድሞ «ትቶታል?» ለሚለው አጭሩ መልስ አልተወውም የሚል ነው። የተተወ ጨዋታ በአፕሪል 2024 የዛሬ ኮምፒውተሮች ወደሚሠሩበት የ64 ቢት አሠራር አይሸጋገርም፤ ከ2017 ጀምሮ ተቋርጦ የነበረው የጨዋታው የሥዕል ታሪክ በዲሴምበር 2024 ፍጻሜ አያገኝም፤ በተጫዋቹ ኮምፒውተርም ሆነ በሰርቨሩ ላይ የሚሠራው የጨዋታው ኮድ በፌብሩዋሪ 2025 ለሕዝብ አይለቀቅም። ይሁን እንጂ እናንተ የምትጠብቁት ዓይነት ዝማኔ፣ ማለትም አዳዲስ መሣሪያዎችና ድርጅቱ ራሱ ያቀዳቸው ተልእኮዎች ያሉበት ዝማኔ ለመጨረሻ ጊዜ የወጣው በኦክቶበር 2017 ነው። ከዚያ ወዲህ በጁላይ ገደማ፣ በሃሎዊንና በፈረንጆች ገና የሚመጡት ጥቅሎች በአብዛኛው የተጫዋቾች የእጅ ሥራ ናቸው። ጨዋታው ያለው በጥገና ላይ ነው። ሰርቨሩ እንዳይቆም፣ መደብሩ እንዳይዘጋ፣ የደኅንነት ክፍተት ሲገኝ እንዲደፈን ይሠራል፤ ከዚያ ያለፈ እቅድ መኖሩን የሚያሳይ ነገር የለም። ከቅሬታችሁ ገሚሱ ጥገና ላይ ካለ ጨዋታ አዲስ ልማት ከመጠበቅ የመጣ ይመስለኛል። የቀረው ግን ጥገናው ራሱ የተዝረከረከ ስለነበረ የመጣ ነውና ሙሉ በሙሉ ተገቢ ነው።

«ሰንፈው ነው» የሚለውን ግምት አልቀበለውም። ዋና መሥሪያ ቤቱ በዋሽንግተን ግዛት ቤልቪው ከተማ የሚገኘው ቫልቭ በገቢው መጠን ሲታይ የሠራተኛው ቁጥር እጅግ አነስተኛ የሆነ ድርጅት ነው፤ በፍርድ ቤት ክርክር ምክንያት በ2024 ይፋ የሆነ ሰነድ በ2021 ሠራተኞቹ 336 ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል። እነዚህ ሰዎች የስቲምን መደብር፣ ድርጅቱ ራሱ የሚያመርታቸውን የጨዋታ መሣሪያዎችና ጨዋታዎቹን ሁሉ ይዘዋል። ከዚህም በላይ በ2012 ለሕዝብ የደረሰው የሠራተኞች መመሪያ እንደሚያስረዳው፣ በዚያ ድርጅት አለቃ ሠራተኛን በአንድ ሥራ ላይ አይመድብም፤ እያንዳንዱ ሰው የሚሠራበትን ራሱ ይመርጣል፤ ደመወዙም ባልደረቦቹ አበርክቶውን በሚመዝኑበት ደረጃ ላይ ይመሠረታል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ በ2007 የወጣ ጨዋታ ስህተት ማረም ማንም ያላዘዘውና ብዙ ምስጋና የማያስገኝ ሥራ ነው። ብልህ ሰው ወደ አዲሱ ፕሮጀክት ቢያዘነብል አልፈርድበትም። ችግሩ ያለው ከሰዎቹ ጠባይ ላይ ሳይሆን ሥራው በሚከፋፈልበት መንገድ ላይ ነው።

ከሠራተኛው ቁጥር ይልቅ ክብደት የምሰጠው ግን የገቢውን መንገድ ነው። ቲም ፎርትረስ 2 በሴፕቴምበር 2010 የውስጥ መደብር ተከፈተለት፤ በጁን 2011 ደግሞ በነጻ የሚጫወቱት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ገቢው የሚገኘው ከሣጥን ቁልፍ (በጨዋታው ውስጥ የሚገኝን፣ በዕጣ ዕቃ የሚሰጥ የተቆለፈ ሣጥን የሚከፍት፤ አንዱ 2.49 ዶላር)፣ ከአልባሳት ሽያጭና ተጫዋቾች በስቲም ገበያ እርስ በርስ ሲሸጡ ከሚቆረጠው ድርሻ ነው። በዚህ ገበያ 5 በመቶ ለስቲም፣ 10 በመቶ ለጨዋታው ይቆረጣል፤ ሁለቱም የሚገቡት አንድ ኪስ ውስጥ ነው። አዲሱን ኮፍያ የሠራው ተጫዋች ከሽያጩ አንድ አራተኛ ያህል ያገኛል። ይህን ሰንሰለት ልብ ብላችሁ ብታዩት፣ ዕቃው ያለ ድርጅቱ የጥበብ ድካም ይሠራል፤ ከተሸጠ በኋላም በተዘዋወረ ቁጥር ገቢ ያስገባል፤ ጨዋታው ተስተካከለም አልተስተካከለም ይህ ገንዘብ በቀጥታ አይነካም። በወር ክፍያ የሚተዳደር ጨዋታ ግን ተጫዋቹ ሲከፋው ገቢው በዚያው ወር ይጎድላል። ስኩዌር ኤኒክስ በሴፕቴምበር 2010 አውጥቶ የከሸፈበትን «ፋይናል ፋንታሲ 14» አዲስ መሪ ሾሞ፣ ሰርቨሮቹን በኖቬምበር 2012 ዘግቶ፣ በኦገስት 2013 ከሥር መሠረቱ ሠርቶ ያወጣው፣ አዘጋጁ ናኦኪ ዮሺዳም በቀጥታ ስርጭት እየቀረበ ለተጫዋቹ ማስረዳትን ልማድ ያደረገው፣ በጎ ፈቃድ ብቻ ስለነበረው አይደለም። ከወር ወደ ወር ከፋዩን ማሳመን ግዴታው ነበር። ቫልቭ በእናንተ ፊት እንዲህ ያለ ግዴታ የለበትም።

«አንዱ ሲስተካከል ሌላው ይበላሻል» ያላችሁት ደግሞ ንጹሕ የቴክኒክ ጉዳይ ነው፤ በሙያዬም በየቀኑ የሚያጋጥመኝ እርሱ ነው። ለዓመታት ከሃሎዊን ዝግጅቶች እስከ ሣጥን ሥርዓት ድረስ እየተደራረበ የተጻፈ ኮድ፣ የመጀመሪያ ጸሐፊዎቹ ወደ ሌላ ሥራ ከተበተኑ በኋላ፣ አንድ መስመር መለወጥ የት ድረስ እንደሚደርስ በሙሉ ልብ የሚናገርለት ሰው አያገኝም። በጁላይ 2019 የሆነው ምሳሌ ይበቃል። ከአንድ ተራ ዝማኔ በኋላ አንዳንድ አሮጌ ሣጥኖች እጅግ ብርቅ የሆነውን ኮፍያ በእርግጠኝነት ይሰጡ ጀመር። ዜናው በሰዓታት ተሰራጭቶ የብርቅዬ ኮፍያዎች ዋጋ ተንኮታኮተ፤ ድርጅቱም ስህተቱን ካረመ በኋላ በዚያ መንገድ የተገኙትን ኮፍያዎች ከገበያ አግዶ፣ በኋላ ለእያንዳንዱ አካውንት አንዱን ብቻ ፈቀደ። ከመለቀቁ በፊት ከየሣጥኑ ዓይነት ጥቂቱን ከፍቶ የሚያይ ፈታሽ ቢኖር ኖሮ ስህተቱ በደቂቃዎች ይያዝ ነበር። ከዚህ የምረዳው የኮዱን ማርጀት ብቻ አይደለም፤ ዝማኔ ከመውጣቱ በፊት የሚደረገው ፍተሻ እንደሳሳ ነው የምረዳው፤ ይህኛው ደግሞ ምንም ሰበብ አይገኝለትም።

ጨዋታውን የወረሩትን ቦቶች፣ ማለትም ሰው ሳይነካቸው በራሳቸው የሚጫወቱ ፕሮግራሞችን በተመለከተ በተጫዋቾች ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ የተሳሳተ እምነት አለ፤ ያመጣቸው የጨዋታው ኮድ አፈትልኮ መውጣቱ ነው የሚል። በአፕሪል 2020 የጨዋታው አሮጌ ኮድ አፈትልኮ መውጣቱ እውነት ነው፤ በራሱ የሚያነጣጥሩ ቦቶች ግን ከዚያ በፊትም ነበሩ። ለመብዛታቸው ዋናው ምክንያት ጨዋታው ነጻ መሆኑ ነው። አካውንት ያለ ክፍያ በሚከፈትበት ቦታ ማገድ የቦቱን ባለቤት አያስከፍለውም፤ ዛሬ መቶ ቢታገድበት ማታውን መቶ ይከፍታል። ድርጅቱ በጁን 2020 የወሰደው እርምጃ ገንዘብ ያላወጡ አዳዲስ አካውንቶች በጽሑፍም በድምፅም እንዳይናገሩ መከልከል ነበር። ቦቶቹ ባይናገሩም መተኮሳቸውን ቀጠሉ፤ ንጹሓን አዲስ ተጫዋቾች ግን በቡድን በሚጫወቱት ጨዋታ ውስጥ ዲዳ ሆኑ። ርካሽ ጥገና ማለት እንዲህ ነው፤ ወጪው ከአልሚው ላይ ተነሥቶ በተጫዋቹ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

ከዚሁ ጋር፣ በስቲም ላይ የሚታየውን የተጫዋች ቁጥር እንደ ጤንነት መለኪያ አትውሰዱት። በጁላይ 2023 ቁጥሩ በአንድ ጊዜ ከ250 ሺህ በላይ ደርሶ ክብረ ወሰን ሲባል፣ ከመካከሉ ቀላል የማይባለው ቦትና ዕቃ ለመሰብሰብ ብቻ የተከፈተ አካውንት ነበር። በ2024 በጋ ቦቶቹ በብዛት ሲታገዱ ቁጥሩ ወረደ፤ ጨዋታው ግን ከዓመታት በኋላ ሰው የሚጫወተው ሆነ።

ወደ ዝምታው ልሂድ። አልሚዎች ዝም የሚሉበት ዋናው ምክንያት ንቀት ሳይሆን፣ የተናገሩት ሁሉ እንደ ውል ስለሚያዝባቸው ነው። በፌብሩዋሪ 2023 የጨዋታው ይፋዊ ገጽ ተጫዋቾች ሥራቸውን እንዲልኩ ሲጠይቅ፣ በጁላይ የሚመጣው ከቀደሙት የበጋ ጥቅሎች የተለየ ሙሉ ዝማኔ እንደሚሆን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ነበረበት። ተጫዋቹ ዓለም ሁሉ በደስታ ሲጮህ ዓረፍተ ነገሩ ተለውጦ እንደ በዓላት ጥቅል የሚቆጠር ዝማኔ ይሆናል ወደሚል ዝቅ አለ። በኖቬምበር 2017 ኤሌክትሮኒክ አርትስ የስታር ዋርስ ጨዋታውን የክፍያ ሥርዓት ለማስረዳት የጻፈው አንድ አጭር መልስ በሬዲት የውይይት ድረ ገጽ ታሪክ ከፍተኛውን የተቃውሞ ድምፅ ሰበሰበ። እነዚህን ያየ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ሁልጊዜ ወደ ዝምታ ያደላል። እኔ ግን መስመር እሰምርበታለሁ። አልሚ ስለ ቀንና ስለ ወደፊት እቅድ ዝም ቢል ልክ ነው፤ የሚታወቅን ብልሽት «አውቀነዋል» ብሎ በዝርዝር አለማስፈር ግን ምንም ዓይነት የተስፋ ቃል የማይጠይቅ፣ ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራን መተው ነውና በዝምታ አይሸፈንም።

ፊርማና ግምገማ ይጠቅማል ወይ ለሚለው፣ ጥቅሙ የሚወሰነው በምትጠይቁት ነገር ነው። በሜይ 2022 ተጫዋቾች በአንድ ቀን ተባብረው ስለ ቦቶቹ ሲጮኹ፣ ድርጅቱ በትዊተር ችግሩን እንዳየውና እየሠራበት እንደሆነ አጭር መልስ ሰጠ፤ በሳምንታት ውስጥም ተጫዋቾች አንዱን ከጨዋታ የሚያባርሩበትን ድምፅ አሰጣጥ የመሳሰሉ ጥቂት ማስተካከያዎች መጡ፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ነበረበት ተመለሰ። በጁን 2024 የተጀመረው ሁለተኛው ዘመቻ ከ300 ሺህ በላይ ፊርማ አሰባሰበ፤ የቅርብ ጊዜ ግምገማውንም ወደ ታች ጎተተው፤ በወሩ መጨረሻ ላይ ሰፊ እገዳ ተጀመረ። ሁለቱም የጠየቁት አንድ የተወሰነና ውጤቱ በዓይን የሚታይ ነገር ስለነበረ ነው የተወሰነ ፍሬ ያገኙት። ከሁሉ ፈጣኑ ድል ደግሞ የተገኘው ሌላ ቦታ ነው። በሜይ 2024 ሶኒ «ሄልዳይቨርስ 2»ን በኮምፒውተር የሚጫወቱ ሁሉ የፕሌይስቴሽን አካውንት እንዲያገናኙ ሲያዝ፣ አካውንቱ ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች በይፋ የማይከፈት በመሆኑ ጨዋታው ከ170 በሚበልጡ አገሮች ከሽያጭ ተነሣ። ከ200 ሺህ በላይ አሉታዊ ግምገማ ተጽፎ ትእዛዙ በሦስት ቀን ገደማ ተሻረ፤ ከሽያጭ የተነሣባቸው አገሮች ግን ወዲያው አልተመለሱም። ልዩነቱ ግልጽ ነው። የተላለፈን ውሳኔ መሻር ለድርጅቱ ርካሽ ነው፤ አዲስ ሥራ መሥራት ግን ውድ ነው። ሕዝብ ተቆጥቶ የመጀመሪያውን ማስገኘት ይችላል፤ ሁለተኛውን በፊርማ ብዛት ያገኘ አላውቅም።

ሌሎች ጨዋታዎች የተጠቀሙበት መንገድ ለእናንተም ይሠራ እንደሆነ የሚጠይቅ አይጠፋም። ዩቢሶፍት በ2017 ለ«ሬይንቦ ሲክስ ሲጅ» ሦስት ወር ያህል አዲስ ይዘት ሳያወጣ ሰርቨሩንና ብልሽቶቹን ብቻ አስተካክሏል፤ ያኔ ብዙዎች ቢያጉረመርሙም ጨዋታውን ያቆየው ይህ ውሳኔ ነው ብዬ አምናለሁ። ጃጌክስ ደግሞ «ሩንስኬፕ»ን በኖቬምበር 2012 ከሥሩ ከለወጠና ተጫዋቹን ካስቀየመ በኋላ፣ በቀጣዩ ዓመት ወደ 450 ሺህ የሚጠጋ ድምፅ ሲሰጠው አሮጌውን ቅጂ መልሶ ከፈተ፤ በዚያም ለዓመታት አዲስ ነገር ከመጨመሩ በፊት 75 በመቶ ድጋፍ ማግኘት ነበረበት፤ በኋላ ወደ 70 ዝቅ ብሏል። ሁለቱም ግሩም ናቸው፤ ሁለቱም ግን ውሳኔው በአልሚው እጅ ያለ ነው። ለአንድ ጓደኛሞች ቡድን አማራጭ አድርጌ ላቀርባቸው አልችልም።

በእጃችሁ ያለው ገንዘባችሁ፣ ጊዜያችሁና የምትጫወቱበት ሰርቨር ነው። በገንዘቡ በኩል ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፤ ቁልፍ መግዛት አቁሙ። የቁልፍ ሽያጭ ለአልሚው የሚነግረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሁን የሚሠራው ይበቃል የሚል። መደገፍ ከፈለጋችሁ የምትወዱትን ካርታ ማኅተም (ለካርታ ሠሪዎች ድጋፍ ተብሎ በመደብሩ የሚሸጥ ዕቃ) ግዙ፤ የእርሱ የተጣራ ገቢ ለካርታው ሠሪዎች ይሄዳል። እስካሁን የሰበሰባችሁትን ዕቃ እንደ ቁጠባ አትቁጠሩት፤ በስቲም የተሸጠ ዕቃ ገንዘብ በስቲም ውስጥ ይቀራል እንጂ ወደ ባንክ አይወጣም፤ በጥሬ ገንዘብ እንገዛለን የሚሉ የውጭ ገጾች ከስቲም ደንብ ጋር የሚጋጩ ከመሆናቸውም በላይ፣ የመግቢያ ገጽ አስመስለው አካውንት የሚሰርቁት በእነርሱ ስም ነው።

ሰርቨሩን በተመለከተ፣ በጁላይ 2016 የመጣው ዝማኔ ተጫዋቹን ወደ ድርጅቱ ሰርቨሮች በመሰብሰቡ ተጫዋቾች ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው የማኅበረሰብ ሰርቨሮች ተራቆቱ እንጂ አልጠፉም። ቡድናችሁ የራሱን ቢከራይ ቦቱን፣ የድምፅ ክልከላውንና የካርታ ምርጫውን በአንድ ጊዜ ይገላገላል። ቦታውን በግምት አትምረጡ፤ ከአዲስ አበባም፣ ከዱባይም፣ ከፍራንክፈርትም ፒንጉን፣ ማለትም መልእክት ወደ ሰርቨሩ ደርሶ የሚመለስበትን ጊዜ፣ በማታ ሰዓት ለክታችሁ፣ የመጨረሻው ደካማ መስመር የሚሻልበትን ያዙ። ፕለጊን (የሰርቨሩን ችሎታ የሚያሰፋ ተጨማሪ ፕሮግራም) ስትጭኑ ምንጩ የታወቀውን ብቻ ተጠቀሙ፤ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃልም ከሁለት ሰው በላይ አትስጡ።

ግምገማ ብትጽፉ የተጫወታችሁበትን ጊዜና ያያችሁትን ብልሽት ብቻ አስፍሩ፤ የግለሰብ አልሚን ስም ጠርቶ መሳደብ ያ ሰው ወደዚህ ጨዋታ እንዳይመለስ ከማድረግ ሌላ ትርፍ የለውም። ከግምገማም የተሻለው መንገድ ቫልቭ በጊትሃብ (አልሚዎች ኮድ በሚጋሩበት ድረ ገጽ) ላይ የከፈተው የብልሽት መመዝገቢያ ነው። ኮዱ በ2025 ከተለቀቀ ወዲህ ከተጫዋቾች የተላኩ ማስተካከያዎች በይፋዊ ዝማኔዎች ውስጥ ሲካተቱ ታይቷል፤ ይህ ከ2017 ወዲህ ከተከፈቱት በሮች ሁሉ ሰፊው ነው ባይ ነኝ። አንድ ምዝገባ አንድ ብልሽት ብቻ ይያዝ፤ የትኛው ካርታ ላይ፣ በየትኛው መሣሪያ፣ ከየትኛው ዝማኔ በኋላ እንደጀመረና በምን ቅደም ተከተል እንደሚደገም ይጻፍበት፤ አጭር የቪዲዮ ቅጂ ይያያዝበት። ከመካከላችሁ ጨዋታው የተጻፈበትን የሲ ፕላስ ፕላስ የኮድ ቋንቋ የሚችል ካለ፣ ስህተቱ ያለበትን መስመር ፈልጎ እርማቱን አብሮ ይላክ፤ ያን ጊዜ የሚያየው ሠራተኛ የሚቀረው መርምሮ መቀበል ብቻ ይሆናል።